ሳያሰናብት የሄደው ሐኪም

ዶክተር ሰውመሆን ወረታን ለቆ የሄደው እሁድ ጧት፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ ነው። ሰዓቱን አስቦበት እንደመረጠው አልጠራጠርም። አንድ አይሱዙ ሙሉ የሕክምና ዕቃ ጭኖ ማንም ሳያየው ከወረታ የሚወጣበት ሌላ ሰዓት የለም። ሰኞ ጧት መድኃኒት ቤቴን ልከፍት ስመጣ፣ ከፊት ለፊቴ ባለው የክሊኒኩ የብረት በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። «ክሊኒካችን ለተሻለ አገልግሎት ወደ ባሕር ዳር የተዛወረ መሆኑን ለውድ ደንበኞቻችን በደስታ እንገልጻለን» ይላል። በደስታ! የማን ደስታ እንደሆነ ግን አልተጻፈም።

እስከ ሦስት ሰዓት በሩ ላይ ከሠላሳ ሰው በላይ ተሰበሰበ። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ያነብለታል፤ የሰማው ደግሞ አላምንም ብሎ ሌላ ሰው ያስነብባል። አንዲት ሴትዮ ወደ እኔ ተሻግራ «ለተሻለ አገልግሎት ከሆነማ ደግ አደረገ፤ መቼ ይመለሳል?» አለችኝ። እኔ መድኃኒት እሸጣለሁ እንጂ የዶክተሩ ቃል አቀባይ አይደለሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሆንኩ። የእሱ በር ተዘግቶ የእኔ ክፍት ስለሆነ ሕዝቡ ንዴቱን ሁሉ እኔ ላይ ያራግፍ ጀመር። እውነቱን ለመናገር እኔም ተናድጄ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊት ስንተያይ ኖረን፣ «አይናለም፣ ልሄድ ነው» ለማለት አስፋልቱን መሻገር ከበደው።

መጥፎ ሐኪም ነበር አልልም። እጁ ጥሩ ነው፣ ሰው አይጮህበትም፣ ወንዱን ሁሉ «አባቴ»፣ ሴቱን ሁሉ «እናቴ» ብሎ ነው የሚቀበለው። መሄድም መብቱ ነው። ልጆቹ ለትምህርት ደርሰዋል፣ ሚስቱ የወረታን ክረምትና ትንኝ ጠልታለች፣ ባሕር ዳር ደግሞ ፎቅ አለ። እኔን የሚያናድደኝ በቅዳሴ ሰዓት መሄዱ ነው። እንዲያ የሚወጣ ሰው የሰረቀው ነገር ያለ ነው የሚመስለው።

ሕዝቡ ታዲያ የመንግሥት ሆስፒታሉን ሰልፍ እየሸሸ እንደየብልሃቱ መኖር ጀመረ። የግፊት መድኃኒት ያለቀበት ያላለቀበትን ጎረቤቱን እየለመነ ይውጣል፤ ያንተም ነጭ የእኔም ነጭ ተባብለው ተስማምተዋል። አንዳንዱ አንበሳሜ ድረስ እየሄደ፣ ለራስ ምታቱም ለወገብ ሕመሙም አንድ ዓይነት መርፌ ከሚወጋ ሰው ተወግቶ ይመጣል፤ ሲመለስም «ይህ ነው ሐኪም! ሳይጠይቅ የሚወጋ!» እያለ ያወራልኛል። ሌላው ኪኒኑን ጥሎ ጣራ ገዳም ጸበል ወረደ። ጸበሉን አልነካም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ኪኒኑን ሳይጥሉ መጠመቅም ይቻላል ብዬ ብናገር፣ መድኃኒቷን ልትሸጥ ነው ተባልኩ።

ከሁሉም ግን አያ ማረው ይብሳል።

አያ ማረው የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ነው። ስድሳ አራት ዓመቱ፣ ረጅም፣ አጥንታም፣ ድምፁ ከርቀት የሚሰማ። ሩዝ ያመርታል፣ ላሞችም አሉት፤ ዋና ሥራው ግን ክርክር ነው። ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር በውሃ ቦይ፣ ከግብርና ባለሙያው ጋር በዘር፣ ከሚስቱ ከእትየ ጸሐይነሽ ጋር ደግሞ በሁሉም ነገር ይከራከራል። በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ «ልክ ነህ» ብሎ ያውቃል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ለዶክተር ሰውመሆን ሲል ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት በክረምት፣ ሜዳው በሙሉ ውሃ ተኝቶበት ሳለ፣ የቁሐር ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። ራሱን አያውቅም ነበር። ስኳር ነው ተባለ። ዶክተሩ ሁለት ቀን ሙሉ ከአጠገቡ ሳይለይ ነፍሱን መለሰለት። አያ ማረው ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው የዶክተሩን ፊት ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ሰው በልጁ ዕድሜ ያለ ሐኪም መሆኑ ቀርቶ ነፍስ አባቱ ሆነ። ቀልዴን አይደለም። በየወሩ በሚካኤል ማግስት ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ ይመጣል። ሐኪሙን «አንቱ» ነው የሚለው። ከዚያ ወንበር ላይ ይቀመጥና ይናዘዛል። ድምፁ እንደነገርኳችሁ ስለሆነ እኔ መንገድ ማዶ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ።

«አጥፍቻለሁ» ይላል።

«ምን አጠፉ አባቴ?»

«ማኅበር ነበረብን፤ ጠላ ቀመስሁ።»

«ስንት?»

«ሁለት ጣሳ።»

ዶክተሩ ጣቱን ወግቶ መሣሪያውን ያያል። «ይሄ የሁለት ጣሳ ስኳር አይደለም።»

«አምስት ነው» ይላል አያ ማረው ያን ጊዜ። «ማርም ነበረበት።»

ከዚያ ዶክተሩ ጫማውን አስወልቆ የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ እየፈለቀቀ ያያል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ይደነዝዛል፤ ቢወጋም አይሰማውም። ለዚህ ነው ባዶ እግሩን ሩዝ ውስጥ እንዳይገባ የከለከለው። አያ ማረውም ቀኖና ተቀብሎ ይወጣል፦ አንድ ወር ጠላ የለም፣ በየቀኑ የእግር ጉዞ፣ ማሳ ሲወርድ ቦቲ ጫማ። በቁሐር ሩዝ በቦቲ የሚያርም ሰው እሱ ብቻ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «ኮሎኔሉ» እያለ ሲስቅበት ንቅንቅ አላለም። ከክሊኒኩ ሲወጣ ፊቱ የቆረበ ሰው ፊት ነበር፤ እኔ ደግሞ መድኃኒቱን እየቆጠርኩ እስቅበታለሁ።

ሐምሌ ሚካኤል ዋለ፣ በማግስቱ አያ ማረው መጣ። የተዘጋውን በር አየ፣ ገፋ አደረገው፣ ወረቀቱን አየ። ማንበብ ስለማይችል ወደ እኔ መጣ፤ አነበብኩለት። ደግሜ እንዳነብለት አዘዘኝ፤ ደገምኩለት።

«እኔንስ ለማን ሰጠኝ?» አለ በመጨረሻ።

«ማንም ማንንም አይሰጥም አያ ማረው። ሆስፒታሉ ውስጥ ዶክተር ነፃነት የምትባል ጎበዝ ልጅ አለች፤ እሷ ጋ ሄደው ይታያሉ።»

«ሰጥቶኛል ወይ ለሷ?»

«አልሰጠዎትም።»

«ታዲያ ሳያሰናብተኝ?»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በአገራችን ሰው ነፍስ አባቱን በዘፈቀደ አይለውጥም። ቤት ቢቀይርም፣ ቢጣሉም፣ መጀመሪያ ሄዶ «ያሰናብቱኝ አባቴ» ይላል፤ አባትየው ባርከው ሲለቁት ነው ሌላ የሚይዝ። ሳይሰናበት የለወጠ ሰው ሁለቱም ጋ የለም። አያ ማረው ይህን ሥርዓት ሳይጨምር ሳይቀንስ አንስቶ ክሊኒክ ውስጥ አስገብቶታል። ዶክተሩ ካላሰናበተው በስተቀር የሌላ ሐኪም እጅ አይነካውም።

ለዶክተሩ ስልክ ደወልኩ። የወረታው ቁጥር ተዘግቷል። «የባሕር ዳሩን ፈልጌ እነግርዎታለሁ» አልኩና፣ እንዲሁ ባዶ እጁን እንዳይመለስ የቀድሞውን መድኃኒት በቀድሞው ልክ ሰጠሁት። ስኳሩ ስንት እንደሆነ አልለካሁም፣ ማዘዣም አልጠየቅሁም። ይህን የምጽፈው በሰው ላይ እንደምስቅ ሁሉ እኔም ላይ መሳቅ እንደሚገባ እንድታውቁ ነው።

እሱ ግን ሌላም ሒሳብ አስቦ ኖሯል። ቀኖና የሚሰጠው ሰው ከሄደ ቀኖናውም የለም። ሐምሌ ማለቂያ ላይ፣ አረሙ ሲበረታ፣ ቦቲውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ባዶ እግሩን ሩዝ ውስጥ ገባ። «የከለከለኝ ሰውዬ አገር ለቀቀ» አለ አሉ ለጎረቤቶቹ። እነሱም ኮሎኔሉ ማዕረጉን አወለቀ ብለው ሳቁ።

ነሐሴ በገባ በሰባተኛው ቀን መድኃኒት ቤቴ መጣ። ፀሐይ ነው፣ አስፋልቱ ደርቋል፤ እሱ ግን ሁለቱንም ቦቲ ተጫምቷል። ትንሽ ያነክሳል። ቆሞ ስለ ጾሙ ሲያወራኝ አንድ ሽታ መጣብኝ። እኔ ዕድሜዬን በመድኃኒት ሽታ ውስጥ የኖርኩ ነኝ፤ ያ ግን የመድኃኒት አልነበረም።

«አያ ማረው፣ ቦቲውን ያውልቁ እስቲ።»

«አንች ማን ነሽ?» አለኝና ወጣ።

በማግስቱ እትየ ጸሐይነሽ ብቻዋን መጣች። እሷ ነገር አታስረዝምም። «እሾህ ወጋው፤ ጭቃ ውስጥ። አልተሰማውም። እኔ ነኝ ማታ እግሩን ሳጥበው ያየሁት፤ ያን ጊዜ እሾሁ ከገባ ሳምንት ሳይሆነው አይቀርም። ዛሬ ውሻችን እግር እግሩን እየተከተለ ያሸተዋል፤ ከቤት ቢያባርረውም አይሄድ። አይናለም፣ እግሩ ሊሞት ነው። ሆስፒታል እንሂድ ስለው አልተሰናበትሁም ይለኛል» አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ይህንን የሚፈታ ካህን ነው ብዬ አባ አዳሙን ለመንኩ። አባ አዳሙ የአያ ማረው እውነተኛ ነፍስ አባት ናቸው፤ እሳቸውም የዶክተሩ የግፊት በሽተኛ ነበሩ። ሽማግሌው ነገሩን ሲሰሙ ደነገጡና ጃንጥላቸውን ይዘው ቁሐር ድረስ ሄዱ። እኔም እትየ ጸሐይነሽም ተከተልን።

«ማረው» አሉት ደጁ ላይ ተቀምጠው፣ «ስንብት ለነፍስ ነው። ሐኪም የሥጋ ሠራተኛ ነው፤ እንደ አናጢ ማለት ነው። አናጢህ ቢሄድ ቤትህን ሌላ አናጢ አያድሰውም?»

«አባቴ» አለ አያ ማረው በትሕትና፣ «እውነቱን ልንገርዎት?»

«ንገረኝ እንጂ።»

«እኔ ለእርስዎ ከተናዘዝሁት ለሱ የተናዘዝሁት ይበልጣል።»

አባ አዳሙ ቀስ ብለው ተነሡ። ጃንጥላቸውን ፈለጉ፤ ይዘውት ነበር። «እንግዲህ እሱው ይፍታህ» ብለው ጭቃውን እየዘለሉ ሄዱ። እኔ መሳቅ ፈልጌ እግሩን አየሁና ሳቄ ጠፋ።

ስለዚህ ስንብቱን ራሱ ሄዶ ይውሰድ አልኩ። ሌላ መንገድ አልታየኝም፤ የባሕር ዳሩን ቁጥር ባላገኝም ክሊኒኩ ያለበትን ቦታ አጠያይቄ አውቄያለሁ። የባሕር ዳር መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ሰንብቶ ነበርና፣ ክፍት ነው በተባለበት ቀን መድኃኒት ቤቴን ዘጋሁና በጧት ሚኒባስ ይዘን ወጣን። አያ ማረው ነጭ ጋቢውን ለብሷል፣ ቦቲውን ተጫምቷል፣ ለዶክተሩ የሚሆን ሩዝ በከረጢት ይዟል። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሽታውን እየሸሸ መስኮት ይከፍታል፤ እሱ ግን ስለ ዶክተሩ ደግነት ያወራል። «ሲያየኝ ይደነግጣል» ይለኛል። «እንዴት ሳላሰናብትዎት ሄድሁ ብሎ ይቅርታ ይጠይቀኛል። እኔም ይቅር እለዋለሁ።» ይቅር የሚልበትን ቃል ሳይቀር አዘጋጅቶ ነበር።

አዲሱ ክሊኒክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወለሉ ያበራል፣ በሩ መስተዋት ነው። ጥበቃው የሩዙን ከረጢት ከፍቶ በእጁ አማሰለው። እንግዳ ተቀባይዋ ቆንጆ ልጅ ናት፣ ትሕትናም አላት።

«ካርድ አለዎት አባባ?»

«ዘጠኝ ዓመት» አላት አያ ማረው።

አዲስ ካርድ አወጣችለት። ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ተራው ሲደርስ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ከረጢቱን አንጠልጥሎ ብቻውን ገባ፤ ኑዛዜ ስለሆነ አብሬው መግባቴን አልፈለገም። በሩ ሲዘጋ የዶክተሩ ድምፅ ተሰማኝ፦ «ኦ! አባቴ!» ደስ አለኝ። ከዚያ የአያ ማረው ድምፅ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ያ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው ድምፅ ከአንድ በር ኋላ አልተሰማኝም። ሰባት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ወጣ። በእጁ የመድኃኒት ማዘዣና የቀጠሮ ወረቀት ይዟል። ከረጢቱ የለም።

ስንመለስ ሐሙሲት ከተማ እስክንደርስ ታገሥሁ። ከዚያ አላስችል አለኝ።

«እግርዎን ምን አለዎት?»

«አላየውም።»

«እንዴት አላየውም? አላሳዩትም?»

«እሱ ነበር አውልቁ የሚለኝ» አለ መስኮቱን እያየ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ገና ሳልቀመጥ አውልቁ ይለኝ ነበር። ዛሬ ጣቴን ወግቶ ስኳሬን አየ፤ አውልቁ አላለኝም። ልቡ ሌላ ጋ ነው።»

«ስንብቱንስ ጠየቁት?»

«ወረቀቱ ላይ ሊጽፍ ብዕር አነሣ» አለኝ። «ካርዱ አጠገቡ አልነበረም። ቀና ብሎ፣ አባቴ ስምዎት ማን ነበር አለኝ።»

የቀጠሮ ወረቀቱን አጣጥፎ ጋቢው ውስጥ ከተተው።

«አባቴ የሚለኝ ለካ ስሜን ስለማያውቀው ነው» አለ። «ምኑን ያሰናብተኛል? መቼ ያዘኝና።»

ያን ጊዜ ተነሥቼ ሚኒባሱን አስቁሜ፣ ተመልሼ ያን መስተዋት በር በድንጋይ ማድቀቅ አማረኝ። ዘጠኝ ዓመት! ደግሞም አያ ማረው ራሱ አናደደኝ፤ እግርህ እየበሰበሰ ሰባት ደቂቃ አጠገቡ ተቀምጠህ እንዴት ዝም ትላለህ? ይህን ጮክ ብዬ አልኩት፣ አንተ እያልኩ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወረታ መናኸሪያ ስንወርድ ክንዱን ይዤ በቀጥታ ሆስፒታል ወሰድኩት። አልተከራከረም። እትየ ጸሐይነሽን በስልክ ጠራኋት፣ እየሮጠች መጣች። ዶክተር ነፃነት ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ በሥራ ብዛት ዓይኗ የቀላ። ሰላምታዋ «ቦቲውን ያውልቁ» ነበር።

ወለቀ። ትንሹ ጣትና አጠገቡ ያለው ጠቁረዋል። ቁስሉ ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል። ልጅቷ በእጇ ዳበሰችው፣ ጎነበሰች፣ አሸተተችው፤ ፊቷን አላዞረችም።

«መቼ ነው የተወጉት?»

«ሐምሌ መጨረሻ።»

«ሐኪም ቤቱ ከቤትዎ ስንት ሰዓት ነው?»

«በእግር ሁለት ሰዓት» አለች እትየ ጸሐይነሽ።

ዶክተር ነፃነት እኔን አየችኝ። የምን አስተያየት እንደሆነ ስለማውቅ መሬት መሬት አየሁ። «ያኔውኑ ቢመጡ አጥቤ፣ ጠቅልዬ፣ መድኃኒት ሰጥቼ እሸኝዎት ነበር» አለችው። «አሁን ሁለቱ ጣቶች መውጣት አለባቸው። ዛሬውኑ። ብንቆይ የምናወራው ስለ ጣት አይሆንም፣ ስለ እግር ነው። ከተስማሙ እዚህ ላይ ይፈርሙ።»

አያ ማረው ፎርሙን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አኖረው። አውራ ጣቱን ወደ ቀለሙ አላስጠጋም። ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አየ።

«ልጄ፣ አንችስ መቼ ነው የምትሄጅ?» አላት።

ከኋላው ሆኜ በዓይኔ ለመንኳት። ዋሺ፣ የትም አልሄድም በይው፣ ብቻ ይፈርም። እሷ ግን ምልክቴን ጭራሽ አላየችም፣ ወይም አይታ ናቀችው።

«መስከረም ላይ» አለችው። «ለተጨማሪ ትምህርት ተመድቤያለሁ። አምስት ሳምንት ቀርቶኛል።»

አምስት ሳምንት። ለካ ይህችም ሻንጣዋን አዘጋጅታ ኖሯል። በቃ ሊነሣ ነው፣ እግሩ ሄደ አልኩ። እትየ ጸሐይነሽ ጋቢውን ጨምድዳ ያዘች።

አያ ማረው አልተነሣም። ያ ከቁሐር ሰው ሁሉ ጋር ሲሟገት የኖረ ሽማግሌ ዓይኑ እንባ ሞላ። አውራ ጣቱን ቀለሙ ውስጥ ነክሮ ፎርሙ ላይ አተመ፤ ከዚያ እግሩን አንሥቶ ወደ ልጅቷ ዘረጋላት።

«ነገርሽኝ እኮ» አላት። «በይ እንግዲህ፣ ቁረጪ።»